የአራተኛው ወንዝ ጀልበኛ

ሰፈሩ «ሦስት ዓይና» ይለዋል። ሁለቱ ዓይኖቹ እንደማንኛችንም ናቸው፤ ሦስተኛው በላስቲክ ግንባሩ ላይ የሚያስረው ማጉያ መስታወት ነው። ሥራ ሲይዝ ወደ ቀኝ ዓይኑ ያወርደዋል፤ ሰው ሲያነጋግር ወደ ግንባሩ ይመልሰዋል፤ ሲናደድ ግን መመለሱን ይረሳውና አንደኛው ዓይኑ ሎሚ አክሎ ያፈጥብሃል። አርባ ሊሞላው አንድ ዓመት የቀረው፣ ቀጠን ያለ፣ ጣቶቹ ላይ የመበየጃ ካውያ ጠባሳ የማይጠፋ ሰው ነው። የጥገና ሱቁ እኔ ከምኖርበት ፎቅ ሥር፣ በደረጃውና በልብስ ንጽሕና ቤቱ መካከል ተሸጉጣለች። ራዲዮ ይሠራል፣ የፀጉር ማድረቂያ ይሠራል፣ ከሁሉ አብልጦ ግን የጌም ማሽን ይሠራል።

እኔ ፍልስፍና ተምሬ እንግሊዝኛ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከእሱ ጋር ያስተዋወቀን ዝም ያለ ራዲዮዬ ነው። እፊቴ ከፈተው፤ እያንዳንዱን ብሎን እንደ አወጣጡ ቅደም ተከተል በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ውስጥ ለየብቻ እያስቀመጠ በተራ ደረደረው።

«ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ?» አልኩት።

«ይመስላሉ እንጂ ጋሼ፣ እያንዳንዱ የለመደው ቀዳዳ አለው።»

ራዲዮው ተናገረ። እጄን ስዘረጋ ግን አልሰጠኝም። «ለአምስት ደቂቃ የማይሠራ ዕቃ የለም» አለኝ። «ጥፋቱን የሚያወጣው ሲሞቅ ነው።» አንድ ሰዓት ሙሉ አብረን ቁጭ ብለን ራዲዮ ሰማን። በሕይወቴ ብዙ የተማሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ አንድ ነገር እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ እስኪሞቅ የሚጠብቅ ግን ከእሱ በፊት አላየሁም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሱቋ ለደንበኛ ትዘጋለች፤ ለክርክር ትከፈታለች። ተከራካሪዎቹ ሦስት ዓይና፣ አንድ ሹፌርና አንዲት ፋርማሲስት ናቸው፤ ክርክሩ «ወንዝ ማዶ» ስለሚባል የጌም ተከታታይ ነው። ሰባት ክፍል አለው። ተጫዋቹ ጎራዴና ጥቂት አስማት ይዞ፣ ጭራቅ እየታገለ፣ ጓደኛ እያፈራ በየአገሩ ይዞራል፤ በየክፍሉ አገሩና ዘመኑ ይለያያል፤ አንድ ወንዝ ግን ሰባቱንም ያቋርጣል። ስለዚህ «አንደኛው ወንዝ»፣ «ሁለተኛው ወንዝ» እያሉ ይጠሯቸዋል። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነኝና መጀመሪያ ስሰማ ፈገግ ብያለሁ። ፈገግታዬ ከአንድ ቅዳሜ አላለፈም። ሰዎች ስለሚወዱት ነገር በዚያ ጥንቃቄ ሲከራከሩ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ብዙ አልሰማሁም።

«ሰባተኛው ፈረስ አለው!» ይላል ሹፌሩ። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥም ኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው እንደሚናገር ነው የሚጮኸው።

«ቀኑን ሙሉ ሰው ስትነዳ ትውልና ቤትህ ገብተህ ደግሞ ፈረስ ትነዳለህ?» ትለዋለች ፋርማሲስቷ።

«ፈረሱ ‹ወራጅ አለ› አይለኝማ!»

ፋርማሲስቷ የሦስተኛው ወዳጅ ናት። በሦስተኛው ወንዝ አብሮህ የሚጓዝን ጓደኛ ከዋሸኸው፣ ሳይነግርህ ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል። «ከዚያ ብቻህን ዘንዶውን ቻለው!» ትላለች፣ ሕግ እንዳወጣ ሰው ደስ ብሏት። መድኃኒት ስታቀብል እንደምታደርገው ሁሉ፣ ጌም ስትጫወትም ትንንሹን ጽሑፍ ሳታነብ አታልፍም።

ሦስት ዓይና ለሁሉም ፍርድ ያውቃል። «አንደኛው ካርታ የለውም፤ በወረቀት ራስህ ትስላለህ። ስለዚህ አገሩ ያንተ ይሆናል» ይላል። የአምስተኛው ሙዚቃ ሲነሳ ካውያውን ያስቀምጣል። ስድስተኛውን ግን አይምርም፦ «ጀግናው ከጠዋት እስከ ማታ ዕቃ ሲለቅም ይውላል። እሱንማ እኔም እዚሁ እየሠራሁት ነው።»

ግድግዳው ላይ ሰባት ምስማር የተመታበት ጣውላ አለ። ከአሮጌ ማሽን ሽፋን የተቆረጡ ሰባት ቆርቆሮዎች፣ ቁጥር ተቀብቶባቸው፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ማዕረጋቸው ይንጠለጠላሉ። አንድ ቆርቆሮ ከቦታው የሚነሳው ሁሉም ሲስማሙ ነው። ደንባቸው አንድ ነው፦ ማንም ራሱ ያላየውን አይመሰክርም። በጌሙ ውስጥ የሌለውን አለ ብሎ የመሰከረ፣ አንድ ዓመት በሩ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ቅዳሜ መጥቶ ይሰማል፣ አይናገርም። ሹፌሩ በሁለተኛው ወንዝ ዘንዶ ይጋለባል ብሎ፣ ስልክ ላይ ባየው ሐሰተኛ ቪዲዮ ተሞኝቶ ያንን ዓመት ጨርሷል። «እስር ቤት ይሻላል፤ እዚያ ቢያንስ ይወራል» ይላል እስከ ዛሬ።

የላይኛው ምስማር ላይ አሥራ አንድ ዓመት የተንጠለጠለው አራተኛው ነው። እዚያ ያወጣው የሦስት ዓይና ምስክርነት ብቻ ነው። አራተኛው ከገበያ በጠፋ አሮጌ ማሽን ብቻ የሚሠራ፣ አጭርና ግራጫ ጌም ነው፤ ሌሎቹ በልጅነታቸው ነካክተው ትተውታል። እሱ ግን በስምንት ዓመቱ ዓመት ሙሉ ተጫውቶታል።

«ወንዙን በተሻገርክ ቁጥር ጀልበኛው ይጠይቅሃል» ይላቸው ነበር። «አንድ ቀን የጠየቀውን በሌላ ቀን አይደግመውም። ‹ዛሬ ማን አስቀየመህ?› ይልሃል። ‹ትናንት ያልከኝ ነገር እንዴት ሆነ?› ይልሃል። ያስታውሳል! ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሰው በየትኛው ጌም ገባ?»

«እኔን እኮ ምንም አልጠየቀኝም» ትላለች ፋርማሲስቷ።

«ስንት ጊዜ ተሻገርሽ?»

«አንዴ።»

«አንዴ አይቶሽ ምን ብሎ ይጠይቅሽ? ሰው አይደለም እንዴ?»

ይስቃሉ፤ ያምኑታልም። የሠራውን ዕቃ አንድ ሰዓት ሳይጠብቅ የማያስረክብን ሰው ማን ይጠራጠራል?

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ፋርማሲስቷ ካርቶን ተሸክማ ገባች። ከአክስቷ ዕቃ ቤት ያን አሮጌ ማሽን ከአራተኛው ሲዲ ጋር አግኝታዋለች። አይበራም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታው፣ «በል፣ ይኸው ጀልበኛህ። አድነውና ይናገር» አለችው።

ሦስት ዓይና ማሽኑን በሁለት እጁ አነሳው። ሕፃን እንደሚታቀፍ ሰው ማለት ይቀናኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያነሳው ብሎኖቹን ለማየት ነበር። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ» አለ።

ሐሙስ ጠዋት በሬን አንኳኳ። ደረጃውን ሲወጣ ማጉያውን ግንባሩ ላይ ረስቶታል። የማስታወሻ ወረቀት ሰጠኝ፤ የእንግሊዝኛ ፊደላትን እንደ ሥዕል ገልብጧቸዋል፣ የአንዳንዱ ጀርባ ወደ ፊት ዞሯል። ትምህርቱን ቶሎ ያቋረጠ ሰው ነው፤ ከማሽን ቦርድ ላይ ጽሑፍ በቀር እንግሊዝኛ አያነብም። ሌሎቹን ወንዞች ጓደኞቹ እየተረጎሙለት ነው የተጫወታቸው።

«ጋሼ፣ ይቺን ያንብቡልኝ።»

«‹ጀልባው ዝግጁ ነው። መሻገር ትፈልጋለህ?› ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

«ከሥሩ ሁለት ቃል አለ።»

«‹አዎ› እና ‹አይ› ነው። መምረጫ ነው።»

ወንበር ሳልሰጠው ተቀመጠ። ማሽኑን ረቡዕ አድኖታል። ከዚያ እንደ ልማዱ እስኪሞቅ አንድ ሰዓት ሊጫወትበት ቁጭ አለ፤ ሦስት ሰዓት ተጫወተ። ወንዙን ሃያ ጊዜ ተሻገረ። ሃያ ጊዜም ያው ሁለት መስመር ነው የወጣው።

ሠላሳ ዓመት ተማሪዎቼን «በጽሑፉ ውስጥ የሌለ አትጨምሩ» ስል ኖሬያለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ልጨምርለት ምላሴ ተንቀሳቅሶ ነበር። ምን ልል እንደነበር ዛሬም አስታውሳለሁ፤ አልናገረውም።

«ያኔ ማን ነበር የሚያነብልህ?» አልኩት።

«እህቴ።» ወረቀቱን አጠፈው። «አሁን የችሎት ጸሐፊ ናት። ሰው የተናገረውን ቃል በቃል ነው የምትጽፈው። አንዲት ነጥብ አትስትም ይላሉ።»

«ጠይቃት እንጂ።»

«‹ዋሽተሽኛል ወይ?› ብዬ? እሷን?» ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ እኔ፣ ስለ እውነት መጻሕፍት ሳነብ የሸበትኩት ሰው፣ የሚያሳፍር ምክር መከርኩት። «ማሽኑ አልዳነም በላቸው። በዚህ ዕድሜው ማን ይጠይቃል? ቆርቆሮህም ከነክብሩ ተሰቅሎ ይቀራል።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ማጉያውን ያኔ ነው ግንባሩ ላይ ያገኘው፤ አውልቆ ኪሱ ከተተው። «ጋሼ፣ ያልዳነ ዕቃ ድኗል ብዬ አላውቅም። የዳነውንማ እንዴት አልዳነም እላለሁ? ምን አጠፋ?»

ቅዳሜ ወረድኩ። ሹፌሩ፣ ፋርማሲስቷና እኔ ተደርድረን ተቀምጠናል። ሦስት ዓይና ማሽኑን ከስክሪኑ ጋር አገናኝቶ ቆመ።

«ማሽኑ ድኗል» አለ። «እኔ ግን ተሳስቻለሁ። ጀልበኛው አይጠይቅም። እዩት።»

ጥፍር የምታክል ግራጫ ሰው፣ በግራጫ ወንዝ ዳር፣ መቅዘፊያ ይዛ ቆማለች። ሁለቷ መስመር ወጣች። ፋርማሲስቷ አነበበቻት፤ ደግማ አነበበቻት።

በዚህ ጊዜ የሆነውን ነገር ሳስበው እስከ ዛሬ ልቤን ይነካኛል። አሸንፈዋል፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲረታቸው የኖረው ሰው ራሱ አምኗል። ሁለቱም ግን መሸነፉን እምቢ አሉ።

«ቆይ፣ ጋሻውን ጣልና ቅረበው» አለ ሹፌሩ። ጋሻው ተጣለ። ያው ነው።

«ምንም ጭራቅ ሳይገድል የመጣ እንደሆነስ?» አለች ፋርማሲስቷ። ከመጀመሪያ ጀመሩ፤ ጭራቅ ባዩ ቁጥር እየሸሹ ደረሱ። ያው ነው።

«በስተኋላው ዙር! ሰው በጀርባው ሲመጡበት ነው እውነቱን የሚናገር።»

«ሲዘንብ ይሆናል፤ ዝናብ ይጠበቅ።»

ዝናብ ጠበቁ። ዘነበ። ጀልበኛው በዝናብ ውስጥም መሻገር ትፈልጋለህ ነው ያለው። ሹፌሩ ጆይስቲኩን እንደ መሪ በሁለት እጁ ጨምቆ፣ «ተናገር እንጂ አንተ ሰውዬ! ሰው እኮ እየጠፋብህ ነው!» ብሎ ስክሪኑ ላይ ጮኸ።

ሦስት ዓይና ወደ ግድግዳው ሄደ። የማንንም ስምምነት ሳይጠብቅ አራት ቁጥርን ከላይኛው ምስማር አወረደ፤ ሌሎቹን አንድ አንድ ደረጃ ከፍ አደረገ፤ አራትን መጨረሻ ላይ ሰቀለ። ከዚያ በሩ አጠገብ ሄዶ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። ማንም አላዘዘውም።

«እንዴ! ታዲያ ያን ሁሉ ከየት አምጥተህ ነው የነገርከን?» አለች ፋርማሲስቷ።

ዝም።

«ተናገር እንጂ!»

«በርጩማው ላይ ነኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣውም።

ፋርማሲስቷ ትንንሹን ጽሑፍ ሳታነብ የማታልፍ ሴት መሆኗን ነግሬያችኋለሁ። ስለ እህቱ የነገርኳት እኔ ነኝ። የእናታቸውን የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስደው እህትየዋ ስለሆነች፣ ፋርማሲስቷ ረቡዕ ዕለት ከመድኃኒቱ ጋር ወሬውንም ሰጠቻት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አርባ ስምንት ዓመት የሚሆናት፣ መነጽሯ በሰንሰለት የተንጠለጠለ፣ ቦርሳዋን በብብቷ ያጣበቀች ሴት ሱቋ በር ላይ ቆመች።

«ማን ነው ወንድሜን በር ላይ ያስቀመጠው?»

«ራሱ ነው» አለ ሹፌሩ፣ ወንበር እየለቀቀላት።

«ራሱማ ነው። ድሮም ራሱ ነው።» ተቀመጠች። መነጽሯን አድርጋ ሹፌሩ ዛሬም ጀልበኛውን ሲሞክርበት የነበረውን ስክሪን ተመለከተች። ጀልበኛውን ስታየው ሳቀች፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የድሮ ጎረቤት መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ዓይነት ሳቅ ነው። «እንዴት አንሷል!»

«እታለም» አለ ሦስት ዓይና። ሹፌሩ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገበት፤ ፋርማሲስቷ የሹፌሩን እግር ረገጠችው።

«እታለም፣ ምንም አይልም እኮ። ሁለት መስመር ነው።»

«አውቃለሁ። ማን አነበበውና?» ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ለእሱ ሳይሆን ለእኛ መናገር ጀመረች፤ ቃል እንደሚሰጥ ሰው፣ ቀስ ብላ። «አባታችን የሞተ ዓመት ነው። እናታችን ፈረቃ ትገባለች። ይሄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ መናገር ተወ። ታመመ እንዳልል አይበላም እንጂ አልታመመም። ‹ምን ሆንክ?› ስለው ዝም። ‹ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?› ዝም። አስተማሪው ደብዳቤ ጻፈልን። አጎታችን ይህን ማሽን አመጣለት፤ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ከኋላው ተቀምጬ አነብለታለሁ። አንድ ቀን ጀልበኛው ጋ ደረስን። ‹መሻገር ትፈልጋለህ?› ይላል ብዬ ነገርኩት።»

ጣቷን ወደ ስክሪኑ ቀሰረች።

«‹እፈልጋለሁ› አለ። በአፉ። ለስክሪኑ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነው።»

ሹፌሩ የያዘውን ጆይስቲክ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እኔ የጠየቅሁትን አይመልስም፤ ጀልበኛው የጠየቀውን ይመልሳል። ታዲያ ምን ላድርግ? በማግስቱ ጀልበኛው አንድ ጥያቄ ጨመረ። ‹ዛሬ ምን በላህ?› አለ። ነገረው። በማግስቱ ደግሞ ‹ማን አስቀየመህ?› አለ። ነገረው። ማን እንደመታው፣ የት እንደተደበቀ፣ አባቱን ስንት ጊዜ በሕልሙ እንዳየ፣ ሁሉንም ለጀልበኛው ነገረው። እኔ ከኋላ ነኝ፤ ልብስ እየሰፋሁ እሰማለሁ።» መነጽሯን አወለቀች። «ፍርድ ቤት ሃያ አራት ዓመት ጽፌያለሁ። ሰው ያላለውን አንዲት ቃል ጨምሬ አላውቅም። የምጨምረውን ሁሉ በዚያ ዓመት ጨርሼዋለሁ።»

ሦስት ዓይና እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠባሳዎቹን ያያል። «ዝም ማለቴን አስታውሳለሁ» አለ በመጨረሻ። «ያናገረኝ እሱ መስሎኝ ነው የኖርኩት።»

«እሱ ጀልባውን አቅርቧል» አለች። «ያለ እሱ አይሆንም ነበር።»

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስወጣ በደረጃው መሐል አረፍኩ፤ ጉልበቴም ነው፣ ሐሳቤም ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሥራ የሚኖረው በገጹ ላይ ነው ብዬ አስተምሬያለሁ፤ ያነበበው ሰው የጨመረበትን ስሕተት ብዬ በቀይ አስምሬያለሁ። አሁን ያ ቀይ እስክሪብቶ ትንሽ ያሳፍረኛል። ሁለት መስመር ያላት ጀልባ፣ አንዲት ልጅ ስታነባት፣ አንድ ሕፃን አሻግራለች። ይህን የትኛው ምስማር ላይ እንደሚሰቅሉት አላውቅም። እነሱም አላወቁትም፤ አራት ቁጥር እታች እንደተሰቀለ ነው። ሹፌሩ በምሕረት ቆርቆሮውን ወደ ላይ እናንሳው ብሎ ነበር፤ የተቃወመው ሦስት ዓይና ነው። በቃል ሳይሆን፣ ከበርጩማው ሳይነሳ ራሱን በመነቅነቅ።

በርጩማው ላይ ከተቀመጠ አሁን ስምንተኛ ወሩ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደንበኛ ያነጋግራል፣ ይቀልዳል፣ ብሎን በቆርኪ ይደረድራል፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ግን ማጉያውን አውልቆ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ክርክሩ ቀዝቅዟል። ሹፌሩ ስለ ፈረሱ ሲደነፋ የሚያበርደው የለም፤ ሰባተኛው ሳይገባው የላይኛው ምስማር ላይ ወጥቷል።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እህትየዋ አንድም ሳምንት አልቀረችም። ያለፈው ቅዳሜ ክርክሩ ሲያልቅ ፋርማሲስቷ አሮጌውን ማሽን አበራችው። ጀግናውን እየነዳች ወንዙ ዳር አደረሰችው፤ ሁለቷ መስመር ወጣች።

«እስቲ እታለም፣ ያንብቡልን» አለች። «ዛሬ ምን ይላል?»

እህትየዋ መነጽሯን አደረገች። ስክሪኑን ብዙ ጊዜ ፈጅታ፣ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች አየችው። ከዚያ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ፣ «‹ምሳ በልተሃል?› ይላል» አለች።

ሁላችንም ወደ በርጩማው ዞርን።

«አልበላሁም» አለ ሦስት ዓይና። «የአንዲት ሴትዮ ፀጉር ማድረቂያ ይዞኝ።»

«ተናገረ! ደንብ ተጣሰ!» ሹፌሩ ብድግ አለ።

«ቁጭ በል፤ ለጀልበኛ መመለስ ምስክርነት አይደለም» አለችው ፋርማሲስቷ።

እህትየዋ ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። «‹እንግዲያው አላሻግርህም› ይላል» አለች፤ በአንድ እጇም ቦርሳዋን ከፍታ በሶፍት የተጠቀለለ ዳቦ ማውጣት ጀመረች።